ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ተማሪ የሚበዛበት መንገድ ላይ። ሁለት ማሽን አሉኝ፤ አንደኛው ወረቀት ይበላል። ከዚህ ሌላ ደመወዝ የሌለው፣ ማንም ያልቀጠረኝ ሥራ አለብኝ። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ።

ግሩፑን የከፈትነው ለውሃ ነው። ጎንደር የኖረ ያውቀዋል። ከተማዋ እየሰፋች፣ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ሲሄድ ቧንቧው በፈረቃ ሆነ። ፈረቃው ደግሞ እንደ ሰው ጠባይ አለው። ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥቶ አሥር ሰዓት ላይ እልም ይላል። የተኛ ሰው ባዶ ጀሪካኑን ታቅፎ ይነጋበታል። ስለዚህ 30 የማንሞላ ጎረቤቶች ሆነን አንድ ግሩፕ ከፈትን። ውሃ ያየ ሰው “መጣ” ብሎ ሰፈሩን ይጽፋል። አለቀ።

የት ያልቃል! መታወቂያ የጠፋበት መጣ። ቤት የሚያከራይ መጣ። ለፋሲካ የገዛው በግ ገመድ በጥሶ የጠፋበት ሰውዬ መጣ (በጉ ሦስት ቤት አልፎ ከሌላ በግ ጋር ሲበላ ተገኝቷል)። “ዛሬ እሑድ የሚሠራ ፋርማሲ አለ?” “ቀሐ ማዶ መብራት አለ እንዴ?” ሰው ሲሞት ድሮ የሚቀድመው ጡሩምባው ነበር። አሁን የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ራሱ መጀመሪያ እኔ ጋ ይደውላል። “አንቺ ጻፊው፤ እኔ ዞሬ እስክጨርስ ሰው ይሰማል” ይለኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልን 4,900 ደረስን።

አንድ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ሱቅ መጡ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የእድር ደረሰኝ ሊያባዙ ነው የመጡት። ማሽኑ እስኪሞቅ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣

“ልጄ፣ እዚያ ቴሌግራማችሁ ላይ ስንት ደረሳችሁ?” አሉኝ።

“4,900 አለፍን ጋሼ።”

“5,000 ስትደርሺ ንገሪኝ።”

“ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?”

“ድግስ እንኳ የለም። ሦስት ዓመት ግን አለ።”

በማግስቱ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ ይዘውልኝ መጡ። ጠርዙ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት። የሰው ወረቀት ሳባዛ የኖርኩ ሴት፣ ራሴን የሚመለከተውን ወረቀት አላነበብኩም ነበር። አፈርኩ። በወረቀት በላተኛው ማሽን አንድ ቅጂ ለራሴ አወጣሁና ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ አለበት። ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ያድጋል። የጋሼ ሦስት ዓመት ይቺ ናት። የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ደግሞ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳት አለበት።

ደግ ነገርም አለበት። የተናገረው ሰው የነገሩን እውነትነት ለማረጋገጥ በሁኔታው የሚቻለውን ተገቢ ጥረት አድርጎ ከሆነ አይጠየቅም። ላይክ እና ታግ ማድረግም ማሰራጨት አይባልም። ፎርዋርድ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። ሳቄ መጣ። የድሮው አዋጅ ነጋሪ ገበያ መሀል ነጋሪት እያስጎሰመ “አዋጅ፣ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ” ነበር የሚለው። አዋጅ ራሱ ፎርዋርድ አድርግ ብሎ የሚጀምርበት አገር ነን።

አድሚን የሚል ቃል ፈለግሁ። የለም። ሕጉ “ተከታይ” ይላል፤ እኛ ጋ ያለው “አባል” ነው። ቅጣቱም ለሚያሰራጨው እንጂ ቤቱን ለሚጠብቀው አይደለም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሌላ ቁጥር መዘዙ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ 958/2008። እሱ ደግሞ አገልግሎት ሰጪ በሥርዓቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያስገባው ሕገ ወጥ ነገር መኖሩን እያወቀ ካላነሳ ይጠየቃል ይላል።

“አገልግሎት ሰጪው ቴሌግራም ነው” አልኳቸው።

“ነው። አንቺ ዘበኛ ነሽ።”

“ታዲያ?”

“ቤት ሲዘረፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው?”

ዝም አልኩ። ያቺ “እያወቀ” የምትል ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። እያንዳንዱን መልእክት የሚያነብ አድሚን ሁሉንም ያውቃል። ግሩፑን ከፍቶ የተወ አድሚን ምንም አያውቅም። በዚህ ስሌት የተጋው ለተጠያቂነት ይቀርባል፣ የተኛው ይርቃል። ሕግ አውጪው እንዲህ ሊል አልፈለገም፤ ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉን የምታነበው ፈሪ ስትሆን፣ ሌሊት፣ ብቻዋን ከሆነች የምታነበው እንዲህ ነው።

ደግሞ የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ።

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ሱቄ የባነር ጽሑፍ በሚያሳትም ወጣት ተሞልቷል። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ግሩፑ ላይ ፎቶ ለጠፈ። ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ አንድ ጎልማሳ የሚያለቅስ ሕፃን እጁን ይዞ ይጎትታል። ከሥሩ፦ “ይህ ሰው ልጅ ሰርቆ እየሄደ ነው ሼር አድርጉ።”

ስልኬ ከወረቀት ክምር ሥር ነበር። ያየሁት ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። “አዘዞ መስመር ታይቷል።” “ነጭ ጃኬት ነው የለበሰው።” “የሚያውቀው የለም?” “ኧረ ያዙት!” ከዚያ አንዱ፦ “ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ቤቱ እዚህ ጋ ነው” ብሎ ሰፈሩን ጻፈ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ አጠፋሁት። ፎቶውን፣ ሥሩ ያለውን ሁሉ። የለጠፈውንም ሰው አስወጣሁ። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ያጠፋኸው ነገር ሰው ስልኩ ላይ ካስቀረው አይጠፋም። ፎርዋርድ የሆነው ሆኗል፣ ስክሪንሾት የተነሳው ተነስቷል። ሌሊቱን ሙሉ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተደረገ የሚል ስልክ ስጠብቅ አደርኩ። አልተደወለም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ሱቅ ገባ። ነጭ ጃኬት። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ሱሪውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ስልኩን ሰጠኝና “ይህን አትሚልኝ፤ በከለር” አለኝ። ያው ፎቶ ነው። ማመልከቻ ላይ ሊያያይዘው ነው። የልጁ አጎት ነው። ልጁ ያን ቀን ያለቀሰው ፊኛ ፈንድቶበት ነው።

አተምኩለት። ማሽኑ እስኪጨርስ መሬት መሬት ሳይ ቆየሁ። ሒሳብ ሊከፍል ሲል እምቢ አልኩ። ለምን አለኝ። ነገርኩት። ግሩፑ የኔ ነው፣ 40 ደቂቃ ቆይቶ አይቼው ነው ያነሳሁት አልኩ።

ፊቴን አየኝ። “ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?” አለኝ።

እንግዲህ አማርኛ ነው። መሰረዜን ይሁን መበደሌን እንደጠየቀኝ ዛሬም አላውቅም። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነበር። “አዎ” አልኩት። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተና ልጁን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ ሕግ አያስፈልግም የሚል ሰው እኔ ጋ አይምጣ። ያስፈልጋል። ያ ሰው ያን ማታ የሆነ ጉልበተኛ መንገድ ላይ ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ ቃና ነበር።

ግን የጋሼን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ግሩፑን ቆለፍኩት። ከአድሚን በቀር ማንም እንዳይጽፍ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ጫን ነው። አድሚኗ እኔ ብቻ ነኝ። 4,900 ሰው በአንድ ጣት ዝም አሰኘሁ። ሕጉን ለማክበር ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። የማይናገር ግሩፕ አይዋሽም።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በሁለተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። “እትዬ፣ እኛ ጋ ውሃ መጣ፤ ጻፊው።” ጻፍኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ። “ኧረ እኛ ጋም መጣ።” ጻፍኩ። በሦስተኛው ሌሊት አምስት ስልክ። ጡሩምባው እኔ ሆንኩ። በአራተኛው ሌሊት ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ፤ እና ያን ሌሊት እኛ ሰፈር ራሱ ውሃ መጥቶ ሄደ። እናቴ ጠዋት ባዶ በርሜሉን በማንኪያ እያንኳኳች ቀሰቀሰችኝ።

ይህ የሚያስቀው ክፍል ነው። የማያስቀው፣ በሳምንቱ ውስጥ ወደ 600 የሚጠጋ ሰው ለቆ ወጣ። የት እንደሄዱም አወቅሁ። ሌላ ግሩፕ ተከፍቷል፤ አድሚኑ ስም የለውም፣ ፎቶው የአንበሳ ነው። ገብቼ አየሁት። “መጣ” የሚለው መልእክት በሁለት “ይህን ሰው ፈልጉት” መካከል ተቀምጧል። ማንም አያጠፋም። ማንም ስለማያጠፋም ይመስለኛል ሰው የወደደው።

ያኔ ነው የታናሽ ወንድሜ ነገር ትዝ ያለኝ። ለንደን ነው የሚኖረው፤ ብስክሌት ያብዳል። በ2017 ታኅሣሥ ላይ ደውሎ፣ “እታለም፣ የብስክሌተኞቻችን መድረክ ሊዘጋ ነው” ብሎ እንደ ለቅሶ ነገረኝ። ከቁብም አልቆጠርኩት። የዘንድሮ ልጅ በምን ያዝናል ብዬ ነው ያለፍኩት። አሁን መልሼ ደወልኩና አስረዳኝ አልኩት።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2023 የኦንላይን ደኅንነት ሕግ አወጡ። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ሰዎች እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን ነገር የሚያስተዳድር ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቤቱ ውስጥ ምን ሕገ ወጥ ነገር ሊፈጸም እንደሚችል ገምቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ኦፍኮም ያን ሕገ ወጥ ነገር በ17 ዓይነት ከፍሎታል፤ ከሽብር እስከ ማጭበርበር። በየአንዳንዱ ላይ እኛ ጋ ይህ ሊደርስ ይችላል ወይ፣ ምን ያህል፣ ምን አድርገናል እያሉ መጻፍ ነው። ግዴታው መሬት የወረደው መጋቢት 8 ቀን 2017 ነው። ያላሟላ ድርጅት ቅጣቱ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ ይደርሳል፤ ከሁለቱ የበለጠው።

18 ሚሊዮን ፓውንድ! የኔ ማሽን ወረቀት ባይበላ ደስ ይለኛል።

የብስክሌተኞቹን መድረክ የሚያስተዳድረው ሰው ወደ 300 የሚጠጉ ትንንሽ መድረኮችን በበጎ ፈቃድ ነበር የሚያኖረው። ሁሉንም፣ ግዴታው ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው እንደሚዘጋ አስቀድሞ አስታወቀ። ሌላም አለ። ሃምስተር የምትባል አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚመካከሩበት መድረክ ነበር። ምን ትበላለች፣ ለምን አሳከካት፣ የሚባባሉበት። እሱም ሕጉን ማሟላት አልችልም ብሎ ዘጋና አባላቱን ኢንስታግራም ላይ እንገናኝ አላቸው።

ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስቆ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ሕጉ የተጻፈው ኢንስታግራምን የመሰሉትን ግዙፎች ለመግራት ነው። የአይጥ ወዳጆቹ ግን ሸሽተው እነሱ ቤት ገቡ። የኔዎቹ 600 ሰዎች ባለ አንበሳው ቤት እንደገቡት።

ፍትሐዊ ልሁን። ኦፍኮም ከትንንሾቹና አደጋቸው አነስተኛ ከሆነው የሚጠይቀው ከግዙፎቹ ያነሰ ነው፤ ለእነሱም ብሎ መመሪያ አዘጋጅቷል። ምናልባት ሃምስተሮቹ ባይዘጉም ማንም አይነካቸውም ነበር። ግን ትንሽ ሰው ሕግ የሚያነበው እንዲህ አይደለም። ግዙፉ ድርጅት ስለ ቅጣት ሲሰማ ጠበቃ ይጠራል፣ ዕድሉን ያሰላል፣ በጀት ይይዛል። ብቻውን የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ግን ያቺን ትልቋን ቁጥር ብቻ ያያል። ከዚያ ቤቱን ያያል፣ ልጆቹን ያያል፣ ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ ድምፅ የለውም። የተዘጋ ግሩፕ ምን እንዳጎደለ የሚቆጥር የለም። እኛ ጋ በዚያ ሌሊት ባዶ የቀረው በርሜል የትኛው ሪፖርት ላይ ይገባል?

ያቺ 24 ሰዓት የምትባለዋንም አሰብኩባት። ለድርጅት በቂ ናት፤ ሌት ተቀን ፈረቃ አለው። እኔስ? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም ራሱ በአገሩ ተዘግቶ ነበር። ወዲያው በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ግሩፑ እዚያ አለ፣ እኔ እዚህ አለሁ፣ መሀል ላይ ምንም የለም። ያን ጊዜ አንዱ ከሌላ አገር ሆኖ የማይረባ ነገር ለጥፎ ቢሆን ያገኘሁት ኔትወርኩ ሲመለስ ነው። ቁልፉን ከውስጥ ረስቶ በር እንደዘጋ ሰው ሆኜ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጋሼ መጡ። ግሩፑ ውስጥ እንዳሉ አላውቅም ነበር። የልጅ ልጃቸው አሮጌ ስልኩን ሰጥቷቸው፣ በስሙ ገብተው ለካ ስንት ጊዜ ያነቡናል።

“ምነው ዘጋሽው?”

“እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስፈራሩኝ!”

“አንብቢ አልኩ እንጂ ዝጊ አልኩ?” ተቀመጡ። “እድራችን ስንት ዓመቱ ነው? መተዳደሪያ ደንብ የለውም? ዳኛ የለውም? ገንዘብ ያዥ የለውም? ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻ ይዞ ያውቃል?”

አያውቅም። ሦስት ሰው ነው የሚፈርመው።

እንዲህ ሆኖ ነው በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቴሌግራም ግሩፕ አጀንዳ ሆኖ የተያዘው። ከለቅሶ ድንኳን መጠገኛ ቀጥሎ፣ “ልዩ ልዩ” ከሚለው በፊት። አንዲት እናት “ቴሌግራሙን ማን ነው የሚያበስለው?” ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭቅጭቁ ግን ረጅም ነበር። አንዱ የሰው ፎቶ ጭራሽ ይከልከል አለ። ሌላው ሌባ ሲያዝስ አለ። ሌላው ደግሞ ለሌባ ፖሊስ አለ አለ። በመጨረሻ ግሩፑ ላይ ፎቶ መለጠፍ ለሁሉም ተዘጋ፤ ይህም ማብሪያ ማጥፊያ አለው። የበግም ሆነ የመታወቂያ ፎቶ ለአድሚን ይላካል፣ አድሚን ይለጥፋል። የሰው ፎቶ የላከ ይደወልለታል፣ በድምፁ ያስረዳል። አድሚን ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ አንድ ማታ ማታ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እና ጋሼ። ጋሼ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ባለ አንበሳው ግሩፕ ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ይሁን፣ ከ600ው ግማሹ ተመልሷል።

አንድ ደብተርም ገዛን። ባለ 50 ሉክ፣ እኔው ሱቅ የሚሸጠው። የጠፋ መልእክት ሁሉ ይመዘገባል፤ ሰዓቱ፣ ለምን እንደጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው። ሕጉ “ተገቢ ጥረት” የሚላትን ቃል ጋሼ እንዲህ ነው የተረዷት፤ አንድ ቀን ሰው ቢጠይቀን የምናሳየው ነገር ይኑረን አሉ። ለወንድሜ ስነግረው፣ “እታለም፣ ያ እኮ እንግሊዞቹ የሚፈልጉት የጽሑፍ ግምገማ ነው” አለኝ። ይሆናል። ልዩነቱ የኛ 17 ዓይነት የለውም። ሁለት ዓይነት አደጋ ነው ያለን፤ አንዱ ወሬ፣ ሁለተኛው ከሰፈር ውጭ የሚመጣ “በቀን 2,000 ብር ሥሩ” የሚል ሊንክ። ሁለቱንም በጠባያቸው እናውቃቸዋለን።

ደብተሩን አልፎ አልፎ ማታ አነበዋለሁ። የተማሪው እጅ ጽሑፍ አይነበብም። የኔ ቁጭ ቁጭ ያለ ነው። የጋሼ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ ቀን አለው፣ መሥመር አለው፣ ከሥሩ ፊርማ። ምንም ባይጠፋም ይጽፋሉ። ባዶ ገጽ ያሳስባል ይላሉ። ያለፈው ማክሰኞ ሌሊት የጻፉት እንዲህ ይላል፦

“ከሌሊቱ 9:20። አባላት 5,003። ውሃ፦ መጥቷል። የጠፋ፦ የለም።”